የትኛው ጋዝ? ድሬ ላይ ለቤት የሚሆን ጄኔሬተር ስንመርጥ

ባለፈው ግንቦት ነው። ግንቦት ድሬ ዳዋ ላይ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለገሀሬ ለምትኖረው አክስቴ ሚኒሶታ ያለው ልጇ ጄኔሬተር ልኮላት ካርቶኑን ከብበን ተቀምጠናል። ገና ሳንከፍተው መብራት ሄደ። ሁላችንም ሳቅን። በቪዲዮ ደወልንለት።

«ቀላል ነው እማ» አለ። «መጀመሪያ ዘይት፣ ከዚያ ጋዝ ሙሉበት፣ ከዚያ ገመዱን መሳብ ነው።»

አክስቴ ጓዳ ገባች። መብራት ሲጠፋ ለኩራዝ ብላ ያስቀመጠችውን ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ይዛ መጣች። ሞላንበት። ገመዱን እኔ ሳብኩ፣ ጎረቤት ሳበ፣ የጎረቤት ልጅ ሳበ። ማሽኑ አንድ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ነጭ ጭስ ተፋና ዝም አለ። ሚኒሶታ ያለው ልጅ በስልኩ መስኮት አፍጥጦ ያየናል። «ቤንዚን ነው የሞላችሁት አይደል?» አለ በመጨረሻ።

ለእሱ ጋዝ ማለት ቤንዚን ነው። አሜሪካ እንደዚያ ነው የሚሉት። ለአክስቴ ጋዝ ማለት ላምባ ነው። ለእኔ ደግሞ ጋዝ ሲባል ትዝ የሚለኝ ወጥ ቤት ያለው ሲሊንደር ነው። የሚገርመው፣ ካርቶኑ ላይ ማሽኑ «በሦስት ዓይነት ነዳጅ ይሠራል» ተብሎ ተጽፏል። ከሦስቱ ውስጥ ግን ላምባ የለም።

ሜካኒኩ ታንከሩን አራገፈ፣ ካርብራተሩን አጠበ፣ ካንዴላ ቀየረ። ማሽኑ ተነሳ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው «ጄኔሬተር ልገዛ ነው፣ ስንት ኪሎዋት ይሻለኛል?» ሲለኝ ጥያቄውን እገለብጥበታለሁ። መብራት በሄደበት ቀን በእጅህ የሚገኘው ነዳጅ የቱ ነው? ድሬ ላይ ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል። ኪሎዋቱ ቀጥሎ ይመጣል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። «ግድቡ ተመርቆ ጄኔሬተር ምን ይሠራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን ለገሀሬ አክስቴ ቤት ማድረስ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በመካከል ረጅም የከፍተኛ ኃይል መስመር አለ። ማከፋፈያ ጣቢያ አለ። የሰፈር ትራንስፎርመር፣ የእንጨት ምሰሶ፣ የቆጣሪ ገመድ አለ። የሰፈር መብራት ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው እዚህ መጨረሻው አካባቢ ነው። ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ኤሲውንና ቬንትሌተሩን በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ትራንስፎርመሩ ሸክም የሚበዛበት ራሱን ማቀዝቀዝ በሚያቅተው ሰዓት ነው ማለት ነው። አባይ ላይ ምንም ያህል ውኃ ቢኖር የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሥራ ካቆመ ያው ነው።

ድሬ ላይ መብራት ሲሄድ ጨለማው ሁለተኛ ነው። ዋናው የቬንትሌተሩ መቆም ነው። አክስቴ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ስኳር ስላለባት ኢንሱሊኗ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን አራት ሰዓት ያህል ይይዛል ይባላል፤ ልጆች ቀዝቃዛ ውኃ እያሉ በሚከፍቱት ቤት ግን ያን ያህል አይቆይም።

ወደ ነዳጁ እንመለስ። ቤንዚን አብዛኞቹ ትናንሽ ጄኔሬተሮች የሚወዱት ነው። ችግሩ ማግኘቱ ላይ ነው። ጀሪካን ይዛችሁ ማደያ ብትሄዱ ያለ ፈቃድ አይቀዱላችሁም። ባጃጆች ተሰልፈው በሚያድሩበት ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። ያን ጊዜ የቀረው መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ነው። እሱ ደግሞ ከምን ጋር እንደተቀየጠ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ውኃ ወይም ላምባ የገባበት ቤንዚን ለትንሽ ካርብራተር መርዝ ነው። «ለክፉ ቀን» ብሎ ቤት ማስቀመጥም በድሬ ሙቀት ጥሩ ሐሳብ አይደለም። ቤንዚን ይተናል፣ እሳት ይጠራል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ይበላሽና ካርብራተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ይጋገራል። ብዙ ጄኔሬተር የሚበላሸው በሥራ ብዛት ሳይሆን ቤንዚን በሆዱ ይዞ ስድስት ወር ጥግ በመቀመጡ ነው።

የሲሊንደር ጋዝ ይህ ችግር የለበትም። ለዓመታት ቢቀመጥ አይበላሽም። ካርብራተር አይደፍንም። ሲቃጠልም ንጹህ ስለሆነ ዘይቱ ቶሎ አይጠቁርም። ቀዝቃዛ አገር ሲሊንደሩ ጋዙን በበቂ አልለቅ ይላል። ቡቴን የበዛበት ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን መትነን ያቆማል። ይህን ግን ለድሬ ሰው ማውራት ቀልድ ነው። እኛ ጋ ሲሊንደሩን ጥላ ውስጥ ማቆም ነው የሚያስፈልገው። ማቆም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሲሊንደር ተጋድሞ ከተከፈተ ፈሳሹ ራሱ ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

እርግጥ የሲሊንደር ጋዝም ይጠፋል። ሱቅ ለሱቅ ዞራችሁ ባዶ ሲሊንደር ይዛችሁ የተመለሳችሁበትን ቀን አስታውሱ። የሁለት ነዳጅ ማሽን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው የሚገባኝ። ቤንዚንና ጋዝ በአንድ ቀን አብረው የሚጠፉበት ጊዜ አንዱ ብቻ ከሚጠፋበት ያነሰ ነው።

ሦስተኛው ነዳጅ፣ ማለትም የተፈጥሮ ጋዝ፣ በቧንቧ ወደ ቤት ለሚገባበት አገር የተሠራ ነው። ሚኒሶታ ላለው ልጅ ይጠቅመዋል። እኛ የተፈጥሮ ጋዝ የለንም ማለቴ አይደለም። የተፈጥሮ ጋዝ ያለበት ካሉብ እዚሁ ጎረቤታችን ሶማሌ ክልል ነው። ለገሀሬ ወጥ ቤት የሚደርስ ቧንቧ ግን የለም። ስለዚህ ሻጭ «ባለ ሦስት ነዳጅ ነው» ብሎ ዋጋ ከጨመረባችሁ፣ ለማትጠቀሙበት ቀዳዳ እየከፈላችሁ መሆኑን እወቁ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ የገቢ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ እኔ አልነግራችሁም።

ናፍጣስ? ለቤት የሚሆን ትንሽ የናፍጣ ጄኔሬተር አለ። ከባድ ነው፣ ይጮኻል፣ ጎረቤት ያጣላል። አልመክርም።

አሁን አንዳንድ ጄኔሬተር ላይ ወደሚጻፈው «ኢንቨርተር» ወደሚለው ቃል እንምጣ። ተራው ጄኔሬተር መብራቱን በቀጥታ ከሞተሩ ዙር ነው የሚያወጣው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሞተሩ ቬንትሌተር ብቻ ቢሰካበትም፣ ሙሉ ቤት ቢሰካበትም በደቂቃ 3,000 ጊዜ መዞር አለበት። ስለዚህ ይጮኻል፣ ስለዚህ ይጠጣል። ፍሪጁ በተነሳ ቁጥር ሞተሩ ይንገዳገድና አምፖሉ ጥቅስ ጥቅስ ይላል። ኢንቨርተሩ ግን በመካከል ኤሌክትሮኒክስ አለው። የሞተሩን ኃይል መጀመሪያ ወደ ባትሪ ዓይነት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፣ ከዚያ እንደገና ወደ 50 ኸርዝ ይሠራዋል። ሞተሩ እንደ ሸክሙ ሲፈልግ ይሮጣል፣ ሲፈልግ ያዘግማል። የሚወጣው መብራትም የተስተካከለ ነው። ፍሪጅ፣ ቲቪ፣ ላፕቶፕ፣ ዋይፋይ የሚፈልጉት እሱን ነው። አዲሶቹ ፍሪጆች ውስጥ ያለችው ሰሌዳ በተራ ጄኔሬተር መወላገድ ከተቃጠለች፣ በጄኔሬተሩ ዋጋ ያተረፋችሁትን እሷ ትበላዋለች።

ድምፁም ሌላ ነው። ተራው ከሰባት ሜትር ላይ ከ70 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል። ኢንቨርተሩ በትንሽ ሸክም 50ዎቹ ውስጥ ይቆያል። ዴሲቤል በ10 ሲቀንስ ለጆሯችን ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ነው። ግቢ ተጋርቶ ለሚኖር ሰው ይህ የጉርብትና ጉዳይ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፤ እኛም ገብተንበታል። ከአሜሪካ የሚላክ ማሽን ብዙ ጊዜ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ማሳደግ ይቻላል። ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይነካውም። አምፖልና ቻርጀር ግድ የላቸውም። ቬንትሌተሩ ከለመደው በላይ ይፈጥናል። የቆየ ፍሪጅ ሞተር ግን ለ50 ተሠርቶ በ60 ሲሽከረከር ይግላል። ሌላው፣ የጋዝ ሬጉሌተሩና የቧንቧው ጥርስ ከእኛ ሲሊንደር አፍ ጋር አይገጥምም። አክስቴ ቤት ማሽኑ በቤንዚን ሲነሳ፣ የጋዝ ጎኑ የሚገጥም ሬጉሌተር እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ጠብቋል። ዘመድ «ምን ልላክላችሁ?» ካለ መልሱ «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ከሆነ ብቻ» ነው።

ስንት ኪሎዋት የሚለው ላይ እንድረስ። የአክስቴን ቤት በወረቀት ላይ ደመርነው። ፍሪጅ ሲሠራ 150 ዋት ገደማ። ሦስት ቬንትሌተር እያንዳንዱ 60። ቲቪ 80። አምስት አምፖል አንድ ላይ 45። ዋይፋይና የስልክ ቻርጀር 30። ድምሩ 500 ዋት አይሞላም! ፍሪጁ ግን ሲነሳ ለአንድ ሴኮንድ ያህል ከሚሠራበት አምስት ስድስት እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ለቅጽበት ወደ 1,200 ዋት እንይዝ።

ካርቶን ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ማሽኑ ለጥቂት ሴኮንድ የሚችለው ነው። ቀጣይነት ያለው አቅሙ በትንሽ ፊደል ከታች አለ። 2,000 ተብሎ የሚሸጠው ለረጅም ሰዓት 1,800 ወይም ከዚያ በታች ነው። ይህም የባሕር ጠለል ላይ ነው። ሞተር አየር ይፈልጋል፣ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ከድሬ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ስትወጡ መኪናው እንደሚያቃስተው ማለት ነው። በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 4 በመቶ ይቀንሳል። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ስለሆነች 1,800ው ወደ 1,550 ይወርዳል። በጋዝ ሲሠራ ደግሞ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳልና ወደ 1,400 ይጠጋል። የግንቦት ሙቀትም ትንሽ ይቆርጣል። ሐረር ላይ፣ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ፣ ያው ማሽን በጋዝ ወደ 1,250 ነው የሚሆነው። ሐረር የምትኖሩ ከካርቶኑ ትልቅ ቁጥር ላይ ከሲሶ በላይ ቆርጣችሁ አስቡ። በቤንዚን ከሠራችሁት ደግሞ አየሩ ስለሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። ለከፍታ ቦታ የሚሆን የካርብራተር ዕቃ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ ቀንሰንም 2,000 የሚለው ማሽን ለአክስቴ ቤት በቃ። 20 ኪሎ ምናምን ስለሚመዝን አንድ ሰው ያነሳዋል። ብዙ ሰው «ትልቅ ይሁን» ብሎ አምስት ኪሎዋት ገዝቶ በ500 ዋት ያሠራዋል። ሆዱ የማይሞላ ሞተር ነዳጅ ያባክናል።

«ምጣድስ?» ትላላችሁ። ምጣድን እርሱት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋትና ከዚያ በላይ ነው የሚበላው። እጅ ላይ የሚንጠለጠል ማሽን አያነሳውም። ካውያና የውኃ ማፍያም ለብቻቸው ካልሆነ አይቻልም። የውኃ ዲናሞ ግማሽ ፈረስ ከሆነ ሲሠራ 370 ዋት ቢሆንም ሲነሳ ከሺህ ያልፋል። እሱ ሲነሳ ፍሪጁን ንቀሉ። ኤሲ ከፈለጋችሁ ደግሞ በዝግታ የሚነሳው ባለ ኢንቨርተር ኤሲ ይሻላል፤ ማሽኑም ከፍ ማለት አለበት።

ስለ ፍጆታ፦ በ500 ዋት ገደማ ስናሠራው ቤንዚን በሰዓት ግማሽ ሊትር አይሞላም። 12 ኪሎ ገደማ የሚይዝ ሲሊንደር ደግሞ ከ30 ሰዓት በላይ ይወስደናል። ጥሩ ነው። ግን ያ ሲሊንደር የወጡም ሲሊንደር ነው። ሁለተኛ ሲሊንደር ካልገዛችሁ ጄኔሬተሩና ድስቱ ይጣላሉ።

ሌሊት ማሽኑን አጥፉት ባይ ነኝ። ሌሊት ድሬ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ቬንትሌተር ነው፤ ለ60 ዋት ሞተር ማስነሳት ነውር ነው። የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ አንድ ቬንትሌተር ከአሥር ሰዓት በላይ ያዞራል። ጄኔሬተሩን ማታ ለፍሪጁ ሁለት ሰዓት ስታስነሱት ባትሪውንም አብሮ ይሞላል። ከዚያ ዝም ብሎ መተኛት ነው። አቅም ያለው ሰው መጀመሪያ ባትሪ ገዝቶ ጄኔሬተሩን በኋላ ቢያስከትል እኔ አልቃወመውም።

መተኛት ካነሳሁ ይህን ሳልናገር አላልፍም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምቆጣበት ቦታ ይህ ብቻ ነው። የጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። አይሸትም፣ አይታይም፣ ተኝተው ሳሉ ይገድላል። ከሰል ቤት ዘግቶ ያደረ ሰው የሚሞተው በዚሁ ነው። በጋዝ ቢሠራም ያው ነው። ማሽኑ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቅ፣ የጭስ ማውጫው ወደ ውጭ ይዙር። በረንዳ ላይ አይሆንም። ኮሪደር ላይ አይሆንም። ድሬ ከዚራ ሰፈር ሰፊ ግቢ ላላቸው ቀላል ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ግን በግንብ የተከበበች ጠባብ ግቢ ውስጥ በዙሪያዋ ሁሉ በር የሚከፈትባት ከሆነ፣ ስድስት ሜትሩን ከየት ታመጣላችሁ? ለእንደዚያ ያለ ቤት ባትሪ ብቻ ነው የምመክረው።

የጋዝ መፍሰስ ደግሞ በኦሞ አረፋ ይታወቃል። መጋጠሚያው ላይ ቀቡት፣ አረፋው ከተነፋ ጋዙ ይፈሳል ማለት ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይተኛል፣ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይጠራቀማል። ሌላው ደግሞ ያ ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ። ከጄኔሬተሩ ወደ ግድግዳ ሶኬት ሰክቶ ቤቱን ሁሉ ማብራት የተለመደ ነው። ቆጣሪው ካልተዘጋ ኃይሉ ወደ ሰፈሩ መስመር ይወጣል፣ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ወደ ከፍተኛ ቮልት ይቀይረዋል። ምሰሶ ላይ ያለው ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ነው የያዘው። ወይ ቤቱን ከሰፈሩ መስመር የሚለይ መቀያየሪያ ማብሪያ በኤሌክትሪሻን አስገጥሙ፣ ወይ ዕቃዎቹን ከጄኔሬተሩ በቀጥታ በዲቫይደር ሰኩ።

ለመግዛት ድሬ ታይዋን ገበያ ስትዞሩ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ባለፈው ለጓደኛዬ ልናይ ስንወጣ ካውያ ይዤ ሄድኩ። 1,200 ዋት የሚል ካውያ ነው። አንዱ ሱቅ ውስጥ ሻጩ አይቶኝ «አቦ፣ ልትገዛ ነው ወይስ ልትተኩስ?» አለኝ። 3,500 ተብሎ የተለጠፈበትን ማሽን አስነሳልኝና ካውያውን ሰካሁት። ሞተሩ አቃሰተ፣ አብሮ የተሰካው አምፖል ደበዘዘ። ሻጩ ወደ ጣሪያው አየ። ሁለተኛው ሱቅ ግማሽ ቁጥር የተለጠፈበት ኢንቨርተር ነበር። ያለ ጭንቀት ያዘው፤ ዙሩን ብቻ ከፍ አደረገ። ካውያው እስኪግል ጠብቁ፤ ከአምስት ደቂቃ በታች የሆነ ሙከራ ሙከራ አይደለም። በቤንዚንም በጋዝም አስነስታችሁ እዩ። ሬጉሌተሩ ከእናንተ ሲሊንደር ጋር መግጠሙን እዚያው አረጋግጡ። መብራት የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ መዳብ ነው ወይስ አልሙኒየም ብላችሁ ጠይቁ፤ አልሙኒየሙ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ሙቀት ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። ፊልትሮና ካንዴላ ከተማው ውስጥ ይገኛል ወይ የሚለውም አይረሳ። የድሬ አቧራ ፊልትሮ ይጨርሳል። አዲስ ማሽን ደግሞ የመጀመሪያውን ዘይት ከ20 ሰዓት ገደማ በኋላ መቀየር አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ግን አላየሁም።

የአክስቴ ማሽን አሁን በትራንስፎርመር በኩል ቬንትሌተሮቹንና ቲቪውን ያበራል። ፍሪጁ አዲስ ስለሆነ እስካሁን ችሎታል። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ።

«ልጄ፣ ጋዝ አለቀብኝ።»

«የትኛው ጋዝ?»

ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። «ወጡ ሳይበስል ነው የቆመው።»